ዜማው ይቀድማል፦ የካንቶኒዝ ፖፕ ዘፈን አሠራርና የገጣሚው ድርሻ

የሆንግ ኮንግ የካንቶኒዝ ፖፕ ዘፈን ግጥም ብዙ ጊዜ እንደ ወረቀት ግጥም ይነበባል፤ ሐሳቡ፣ ዘይቤውና ስሜቱ ይመዘንና ዜማው ለሌላ ባለሙያ ይተዋል። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው ይህን ንባብ ነው። በካንቶኒዝ ዘፈን ውስጥ ገጣሚው የዜማው ሁለተኛ ደራሲ ስለሆነ ሥራውን ከዜማው ነጥሎ መመዘን አይቻልም።

ነገሩ ከቋንቋው ይጀምራል። ካንቶኒዝ ስድስት ቃናዎች አሉት፤ የአንድ ቀለም ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ሲወጣ ወይም ሲወርድ የቃሉ ፍች ይለወጣል። «ሲ» የሚለው ቀለም እንደ ቃናው ግጥም፣ ታሪክ፣ መሞከር፣ ጊዜ፣ ገበያ ወይም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዜማው ሽቅብ በሚወጣበት ቦታ ላይ ቃናው ቁልቁል የሚወርድ ቃል ከገባ አድማጩ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ ወይም ምንም አይገባውም። የአማርኛ ገጣሚ ይህ ጭንቀት የለበትም። ቀለሙ እስከተመጣጠነና ቤቱ እስከመታ ድረስ አንዱ የትዝታ ዜማ እልፍ ግጥም ይሸከማል። ማንዳሪንም የቃና ቋንቋ ቢሆንም የማንዳሪን ፖፕ ዘፋኞችና ገጣሚዎች ቃናውን በአብዛኛው ለዜማው ይለቁለታል። ካንቶኒዝ ግን አይለቅም።

ፓትሪክ ዎንግና ራንዲ ዲል እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት የዜማና የቃና ስምምነት እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷል። ወሳኙ የእያንዳንዱ ኖታ ቁርጥ ያለ ከፍታ አይደለም፤ ከአንዱ ቀለም ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ዜማውና ቃናው አብረው መውጣታቸው ወይም አብረው መውረዳቸው ነው። ገጣሚው የሚጠብቀው የቀለማቱን እርስ በርስ ደረጃ ነው፤ አድማጩም ቃሉን የሚለየው በዚሁ ነው።

የስቱዲዮው የሥራ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይመነጫል። ዜማ ደራሲው ቃል የሌለው፣ በ«ላ ላ ላ» ወይም ፍች በሌለው እንግሊዝኛ መሰል ድምፅ የተዜመ ዲሞ (የሙከራ ቅጂ) ያቀርባል። ፕሮዲዩሰሩ ለዘፋኙ የሚስማማውን ይመርጣል፣ የዘፈኑን ጭብጥ ይጠቁማል፣ ቅንብሩን ያሠራል። ገጣሚው የሚደርሰው ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። የሚጠቀምበት አንዱ መላ ቁጥር ነው። 0፣ 2፣ 4 እና 3 የሚባሉት ቁጥሮች በካንቶኒዝ ሲጠሩ በዚሁ ቅደም ተከተል ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያሉትን አራት የድምፅ ደረጃዎች ያሰማሉ። ገጣሚው ዜማውን በእነዚህ ቁጥሮች እያዜመ ለእያንዳንዱ ኖታ የሚፈቀደውን ደረጃ ይለያል፤ ከዚያም ደረጃውን የሚሞላ፣ ሐሳቡን የሚይዝና ቤት የሚመታ ቃል ይፈልጋል። ሽቅብ ለሚወጡ ቃናዎች ዘፋኙ ከኖታው ሥር ተነስቶ ድምፁን ወደ ላይ ያንሸራትታል። አንዳንዴም ለአንድ ቃል ሲባል ኖታው ራሱ ይነካል። ትንፋሹን፣ ማንሸራተቱንና የሐረጉን ማረፊያ የወሰነ ሰው ዜማውን አብሮ ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ገደብ የዘፈኑን ቋንቋም ቀርጿል። አብዛኛው ግጥም የሚጻፈው በመደበኛው የቻይንኛ ጽሑፍ ሲሆን የሚነበበው በካንቶኒዝ ድምፅ ነው፤ ገጣሚው ከመንገድ ንግግር ውጭም ሰፊ የቃላት ጎተራ ያገኛል። ዘፋኙ ሳም ሁዪ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሠራተኛውን ሕዝብ ኑሮ በመንገድ ካንቶኒዝ ሲዘፍን ንግግሩ ራሱ ዜማ መሸከም እንደሚችል አሳየ። ዜማ ደራሲው ጆሴፍ ኩ እና ገጣሚው ጄምስ ዎንግ ደግሞ ጽሑፋዊውን መንገድ ከፍ አደረጉት፤ ሮማን ታም እ.ኤ.አ. በ1979 የዘፈነው «ከአንበሳው ቋጥኝ በታች» የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ ዘፈናቸው የሆንግ ኮንግ ሰው መለያ እስከመሆን ደርሷል።

የአሠራሩ ደካማ ጎንም በግልጽ መነገር አለበት። ለተዘጋጀ ዜማ ቃል መሙላት የተካነ ኢንዱስትሪ የሌላ አገር ዜማን ቃል ማልበስም አይቸግረውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በርካታ የጃፓን ዜማዎች የካንቶኒዝ ግጥም ተሰጣቸው፤ ሌስሊ ቼንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው «ሞኒካ» አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የሆንግ ኮንጉ ኮሜርሻል ሬዲዮ ሁለተኛ ጣቢያው ላይ ወጥ ዘፈኖችን ብቻ ለማጫወት ሲወስን ለአገሬው ዜማ ደራሲዎች በር ተከፈተ። ሌላው ድካም የቃላት መደጋገም ነው፤ ለማረፊያው ኖታ የሚመቹ ቃላት ስለሚያንሱ ሰነፍ ገጣሚ እነዚያኑ የፍቅርና የመለያየት ቃላት ይመላለስባቸዋል። እንደ ሊን ሺ እና ዋይማን ዎንግ ያሉ ገጣሚዎች ግን እዚያው ገደብ ውስጥ ሆነው ያልተጠበቀ ሐሳብ ያስገባሉ። ልዩነቱን የፈጠረው የገጣሚው ብቃት ነው።

ስለዚህ የካንቶኒዝ ዘፈን ሃያሲ ግጥሙን ከማንበቡ በፊት ዜማውን ማድመጥ አለበት። የገጣሚውን ችሎታ የሚመዝነው ቃሉ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን በዚያ ኖታ ላይ ሌላ ስንት ቃል ሊገባ ይችል እንደነበር ጠይቆ ነው። ይህን የማይጠይቅ ሂስ የዘፈኑን ግማሽ ደራሲ ሳያውቅ ይፈርዳል።