የአብሲት ጥበብ

በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ሲሪንቃ ላይ፣ ዞብልና ጎላ የተባሉትን የጤፍ ዝርያዎች ያወጣው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ተመራማሪዎቹ ዘሩን አሻሽለው ሰጡን፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን የእንጀራ ጋጋሪዋ ነው፤ እኔን ዘወትር የሚደንቀኝም እሱ ነው።

ምጣዱ ግሎ በጎመን ዘር ታስሷል። ሊጡን በጣሳ ቀድታ ከዳር ትጀምራለች፤ እጇ እየዞረ ወደ መሀል ይጠጋል። አዲሱ ዙር ያለፈውን ሳይረጋ መንካት አለበት። ከዘገየች ስንጥቅ ይቀራል፤ እጇ ከከበደ መሀሉ ይወፍራል። ወዲያው ከዳር በኩል ዓይኖቹ ብቅ ብቅ ይላሉ። ጎንበስ ብላ ታያለች። ዓይኑ መሀል ሲደርስ፣ የፊቱ እርጥበት ሲጠፋ፣ ያኔ አክንባሎውን ትከድናለች።

ይህን የመሰለ ሥራ ላቦራቶሪ ውስጥም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዙሪክ የሚገኘው የኢ ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎችን ከጄል ጋር አዋህደው በስሪ ዲ ፕሪንተር ቅርጽ አወጡላቸው። አንደኛው ባክቴሪያ ፊኖል የተባለውን መርዛማ ኬሚካል ይበላል፤ ሌላው ሴሉሎስ ይሠራል። ዋናው ጭንቀት የጄሉ ውፍረት ነበር፦ ከመርፌው እንዲወርድ መቅጠን፣ ከወረደ በኋላ ቅርጹን እንዲይዝ መወፈር፣ በዚያ ላይ ባክቴሪያውን አለመግደል።

ጋጋሪዋም የምትጨነቀው በዚሁ ነው፤ መልሷ አብሲት ነው። ቡሆው ሁለት ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ጥቂት ትቀንስና በፈላ ውኃ ላይ እያማሰለች ታበስለዋለች። ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይዝለገለጋል። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን ስለሌለው፣ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ለመያዝ ይህ ዝልግልግ ያስፈልገዋል። ታዲያ ትኩሱን አትመልሰውም፤ እርሾው ይሞትባታል። በእጇ ነካ አድርጋ ለብ ማለቱን ካረጋገጠች በኋላ ነው ከቡሆው የምትቀላቅለው። ቴርሞሜትር የለም። ይህቺ የእጅ ልክ ከእናት ወደ ልጅ የመጣች የላቀ ሙያ ናት፤ ሙያ ተብላ ስትጠራ ግን ብዙ አልሰማሁም።

ምጣዱ ላይ የእርሾው ሕይወት ያበቃል። አየሩ ይወጣል፣ ዓይኑ ይቀራል። እንጀራው ሰፌድ ላይ ሲያርፍ ለብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ በየቀዳዳው መካከል የቀረው ግድግዳ ከወረቀት ይሳሳል፤ ሲታጠፍ ግን አይሰበርም።

ጋጋሪዋ ግን ሊጡን አሟጣ አትጨርስም። ለሚቀጥለው ቡሆ የሚሆን እርሾ እቃው ሥር ትታ ትከድነዋለች።