አፈር የማጠብ በጀት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በሚገባ አክሬሊክስ የምንሠራ ሰዓሊዎች ሸራችንን ማሳነስ ጀመርን። እኔ ከዚያ በፊትም በአፈር ቀለም እሠራ ነበር፤ ውድነቱ ጨርሶ ወደ ቢዮ አዋሌ ገፋኝ።

ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢ ነው። ከማሽላ ማሳው ዳር ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር የአፈሩን ንብርብር ገልጦ ያሳያል፤ ላዩ ግራጫ፣ ሥሩ ቢጫ፣ አልፎ አልፎ ቀይ። መጀመሪያ አፈር ስሰበስብ የማሳው ባለቤት ባልዲዎቼን አይቶ «አቦ፣ አፈርም ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይታጠባል። ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በውሃ ይበጠበጣል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ግን ውሃው ውስጥ ይቆያል። ድፍርሱን ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ባልዲ መገልበጥ፣ እስኪጠል መጠበቅ፣ ውሃውን አፍስሶ እንደገና ማጠብ ነው። የሚፈለገው ከሥር የሚቀረው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ነው። ቢጫው ደርቆ በብረት ምጣድ ሲቆላ፣ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ውሃውን ያጣና ይቀላል። ቶሎ ካወረዱት ብርቱካናማ፣ ካቆዩት ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለወረቀት በግራር ሙጫ አሸዋለሁ፤ ሸራ ላይ ግን ሙጫው ስለሚሰነጠቅ የአክሬሊክስ ማያያዣ እጠቀማለሁ።

ይህ ሙያ በአካባቢው አዲስ አይደለም። ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ የሚገኘውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ፈረንሳውያኑ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን እ.ኤ.አ. በ1929 አገኙት። ከዋሻው በቁፋሮ የወጣው የቀለም ማዕድን ከ4,000 ቁራጭ በላይ ሲሆን ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ዕድሜውን ወደ 40,000 ዓመት ገምቶ፣ ሰዎቹ በዚህ ሥራ ለ4,500 ዓመታት ያህል እንደቆዩ ያመለክታል። መፍጫ ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ግማሽ ጎኑ በቀለም የተነከረ፣ ምናልባት ለማተሚያ ያገለገለ ክብ ድንጋይም አለ። መፍጨቱ ያኔም የቀለም ሥራው አካል ነበር።

የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ስሞላ የሚያጋጥመኝ ችግር እዚህ ላይ ነው። ቅጹ የመክፈቻውን ቀን፣ የሚጠበቀውን ተመልካች፣ የማስታወቂያና የኅትመት ወጪን ይጠይቃል። አፈር እስኪዘቅጥ ለሚጠበቅበት ጊዜ ግን ቦታ የለውም። ባለፈው የቡድን ኤግዚቢሽን ያገኘሁት ድጋፍ ለፍሬም፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለማጓጓዣና ለካታሎግ ዋለ፤ ሥዕሎቹን የሠራሁባቸው ወራት ከራሴ ኪስ ተከፈሉ። ሥዕል ቢሸጥ እንኳ ጋለሪው ድርሻውን ይወስዳል።

ገንዘብ ከሥራው በፊት ሲመጣ የሚሆነውን በፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ «ዋተር ላይፍ» አይተናል። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ዋተርኤይድ ሥራውን አዝዞ፣ የኤች ኤንድ ኤም ፋውንዴሽን ደግፎት፣ እሷ አፋር ዳሎል ድረስ ወርዳ ፎቶዎቹን አነሳች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ታዩ። በዚያ ሥራ ገንዘቡ የተመደበው ለግድግዳው ብቻ አልነበረም፤ ለመሥራቱም ነበር።

አሁን የያዝኩት የቢዮ አዋሌን ቦረቦሮች በወረቀት መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት የአንድ ቦታ አፈር ጥሬውን፣ የታጠበውንና የተቆላውን ጎን ለጎን ይይዛል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቦረቦሩን ስለሚለውጠው መዝገቡ ተመልሶ መታደስ አለበት፤ ቶሎ የሚያልቅ ሥራም አይደለም።

ለኪነ ጥበብ ድጋፍ የምትሰጡ ተቋማት፣ በቀጣዩ ቅጻችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የቁሳቁስ ዝግጅትና የሠሪው ጊዜ»። ክፍያውንም ከኤግዚቢሽኑ በፊት ልቀቁት። ለመክፈቻ ምሽት ብቻ የሚከፍል ሰው ሥዕል አያሠራም፤ ድግስ ይደግሳል እንጂ።