በክንድ ልክ

ጉለሌ ያለው የጎረቤቴ ቤት ጭቃ ነው። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ስንቱ የአዲስ አበባ ቤት በዚሁ አኳኋን ቆሟል። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ይኼኛው መኖሪያቸው ስለነበር ለጋሼ ቀረላቸው። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ዛሬ ጉልበታቸው መሰላል አይወጣም፤ ቤቱን ግን አሁንም የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው።

የጭቃ ቤት የሚያረጀው ከእግሩ ነው። ክረምት ላይ ጠፈጠፉ መሬት መትቶ ሲፈናጠር ግድግዳውን እስከ ጉልበት ያርሰዋል። ልስኑ ያብጣል፣ ይለቃል፣ ይረግፋል። ጋሼ ስፍራውን የሚያገኙት በጣት አንኳኩተው ነው፤ የለቀቀ ልስን ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ጭቃው ከቀይ አፈር ነው። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። የሚገባበት የጤፍ ጭድ ነው፤ ከስንዴው ይልቅ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ከየአቅጣጫው ይይዘዋል። ሁለቱ በውኃ ታሽተው እንደ ሊጥ ይቦካሉ፤ ጭዱ እስኪልም፣ ሽታውም እስኪኮመጥጥ ይሰነብታል። ድሮ ጉድጓድ ሙሉ በእግር ይረግጡ ነበር። አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ባልዲ በእጅ ያሻሉ።

ጥገናው የሚጀምረው በማፍረስ ነው። የለቀቀው ልስን ጤነኛው እስኪገኝ ይፋቃል። ጠርዙ በሰያፍ ወደ ውስጥ ይቆረጣል፤ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ይሆናል። አዲሱ ጭቃ ደርቆ ሲኮማተር እንኳ ተንሸራትቶ አይወጣም። ቀጥሎ ውኃ ይረጫል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ ከመጠጠው ሁለቱ ሳይያያዙ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ድርብ በእጅ እየተወረወረ ይለጠፋል። ውፍረቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ፊቱ በሚስማር ይጫራል፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ይሰነጠቅ ተብሎ ይተዋል። የሁለተኛው ድርብ አፈር በወንፊት የተነፋ፣ ጭዱ በአጭሩ የተከተፈ ነው። ስንጥቁን ይሞላል፣ የተጫረው መስመር ውስጥም ይገባል። በፍራታሶ ከታሸ በኋላ ፀሐይ ቶሎ እንዳታደርቀው እርጥብ ጆንያ ይጋረድበታል።

አንዱ ቁራጭ ጋሼ ተቀምጠው ክንዳቸው የሚደርስበትን ያህል ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ጭቃ ይህን ይፈቅዳል፤ ዘንድሮ የተለጠፈው ከዓምናው ጋር ይያያዛል። ሲሚንቶ አይፈቅድም። በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና አንድ ቀን ከነጭቃው ተገምሶ ይወርዳል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ የተላጡ ቤቶች ሞልተዋል፣ ያውም ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው።

ጣራውን ለልጅ ልጃቸው ትተዋል። እሳቸው ከውስጥ ሆነው የሚያፈሰውን ቦታ በዱላ ያንኳኳሉ፤ ልጁ ከላይ ድምፁን ተከትሎ የላላውን ሚስማር ያገኛል።

ከሥራቸው ሁሉ ደጋግሜ የማየው ግን ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ቋሚ ነው። እግሩን ምስጥ በልቶት ነበር። ሙሉውን መለወጥ ክዳን ማንሳት ይጠይቃል። ጋሼ ጣራውን በድጋፍ አስይዘው የተበላውን ብቻ ቆረጡ። አሮጌውና አዲሱ እንጨት በሰያፍ ተቆርጠው ገጠሙ፤ የመጋጠሚያው ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህላል። ሁለት ቡሎን ያጠብቀዋል። ሰያፉ የሚያዘቀዝቀው ወደ ውጭ ነው፣ የገባ ውኃ እንዲወጣ። አዲሱ እግር የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ፣ አፈር ሳይነካ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሟል። በመጋጠሚያው መሀል ጥፍር አይገባም።

በዚሁ ቋሚ ላይ ደረጃውን ሲወጡ የሚይዙት የወይራ እጀታ አለ። ልስን ሸክም ስለማይችል ቡሎኑ ጭቃውን አልፎ እንጨቱን ነክሷል። እጀታው የተላገው ሲጨብጡት አውራ ጣታቸው ከመሀል ጣታቸው ጫፍ ጋር እንዲገናኝ ሆኖ ነው። ከሥሩ፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ በሰም የተደፈኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ለምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው፣

«ስጎብጥ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ሰሙ እስከዚያ ድረስ ውኃ እንዳይገባበት ነው።