ብዙ የሮጠ ሁሉ ይጎዳል? ከፋንታሲ ሊግ እስከ እንጭኒ ዳገት

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን ምክር ሳትሰሙት አልቀራችሁም፦ «ይሄ ልጅ ብዙ ደቂቃ ተጫውቷል፣ መጎዳቱ አይቀርም፣ ሽጡት!» አሜሪካኖችም በቤዝቦል ፋንታሲያቸው ስለ ኳስ ወርዋሪዎች እንዲሁ ይላሉ። ወጣት ወርዋሪ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወረውረው መጠን በጣም ከጨመረ በሚቀጥለው ዓመት ይጎዳል የሚል፣ በስፖርት ጋዜጠኛው ቶም ቨርዱቺ ስም የሚጠራ መላምት እንኳ አላቸው።

ምክሩ ብልህነት ይመስላል። በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ግን ይቀላል። ከስልክ ጨዋታ ወጥቶ እውነተኛ እግር ላይ ሲውል ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በፋንታሲ ተሳስታችሁ አንድ ትርፍ ዝውውር ብታደርጉ የምታጡት 4 ነጥብ ነው። በምዕራብ ሸዋ፣ እንጭኒ ዳገት ላይ በማለዳ የምትሮጥ ታዳጊ ብትሳሳት ግን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሩጫዋን ልታጣ ትችላለች።

እስቲ ከአንድ የታወቀ ጉዳይ እንነሳ። በሴፕቴምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) የማንችስተር ሲቲው ሮድሪ ጨዋታ በዝቷል፣ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ለመምታት ተቃርበዋል ብሎ ተናገረ። ከአምስት ቀን በኋላ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። «አላልንም!» ያለው ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ እግሩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ግን የተጎዳው ኮርነር ሲመታ ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ተጠላልፎ ነው። አንድን ሰው ብቻ አይቶ ጥፋቱ የድካም ነው ወይስ የግጭት ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሥሩ። አንደኛው ብዙ ተጫውተው የተጎዱ፣ ሁለተኛው ብዙ ተጫውተው ያልተጎዱ፣ ሦስተኛው ጥቂት ተጫውተው የተጎዱ፣ አራተኛው ጥቂት ተጫውተው ያልተጎዱ። «ሽጡት» የሚለው ምክር የሚያየው አንደኛውን ሳጥን ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ ሲጫወት የኖረው ብሩኖ ፈርናንዴዝ በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ስለ አለመጎዳቱ ግን ማንም ዜና አይሠራም። አራቱም ሳጥኖች ሳይሞሉ ስለ አደጋ ማውራት ግማሹን ፈተና አርሞ ውጤት እንደመስጠት ነው።

እኛ አገር በሩጫ ላይ የምንሠራው ስህተት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። የምናየው ሁለተኛውን ሳጥን ብቻ ነው። የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ብር አመጣ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ። «እነሱም እንዲሁ ተቃጥለው ነው የደረሱት» እንላለን። ሆኖም ቀነኒሳ ራሱ በ2015 የዱባይ ማራቶንን በጉዳት አቋርጧል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም በ2004 አቴንስ ላይ የሮጠው የተረከዝ ጅማቱን እያመመው ነው። እነዚህ ስማቸውን ስለምናውቅ ጉዳታቸውንም አወቅን። ገና ስም ሳይኖራቸው ተጎድተው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ማን ቆጠራቸው?

«እኛስ በቁጥር ነው የምንሠራው» የሚሉም አሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአውስትራሊያው ተመራማሪ ቲም ጋቤት ያስተዋወቀው ስሌት በዓለም ተሰራጭቷል። የዚህን ሳምንት ልምምድ ለአራት ሳምንት አማካይ ታካፍላላችሁ። ውጤቱ ከ0.8 እስከ 1.3 ከሆነ ደህና፣ ከ1.5 ካለፈ አደገኛ ይባላል። ድንገተኛ ጭማሪ ይጎዳል የሚለው መነሻ ሐሳብ ያሳምናል። ስሌቱን ግን ራሳችሁ ሞክሩት። ሦስት ሳምንት ያረፈች ልጅ በአራተኛው ሳምንት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሮጥ አማካይዋ 2.5 ነው፤ ውጤቷ 4፣ «እጅግ አደገኛ»! በየሳምንቱ 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ታዳጊ ግን ውጤቱ 1 ስለሆነ «ደህና» ይባላል። በዚያ ላይ የዚህ ሳምንት ቁጥር ከላይም ከታችም ስለገባ ቁጥሩ በከፊል የሚለካው ራሱን ነው። ሌሎች ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠቁመው ተችተውታል።

«በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር» የሚለው የታወቀ ደንብስ? በኔዘርላንድ ሩጫ የሚጀምሩ 532 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በዚህ ደንብ ቀስ ብሎ ጨመረ፣ ሌላው ፈጠን ባለ ዕቅድ ሮጠ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት በሁለቱም ቡድን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ መጎዳቱን አሳየ። ይህ ማለት እንደፈለጋችሁ ጨምሩ ማለት አይደለም። ኪሎ ሜትር ብቻውን ጉዳትን አይተነብይም ማለት ነው።

ለምን? አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የደከመው ክፍል ይፈርሳል፣ ከዚያ አዲስ ይገነባል። መፍረሱ ሳምንታት፣ መገንባቱ ወራት ይፈጃል። ለግንባታው ደግሞ ምግብና እንቅልፍ ያስፈልጋል። ስሌቱ ታዳጊዋ ቁርስ በልታ እንደሮጠች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ በሜዳ ይሁን በቁልቁለት እንደሮጠች አይጠይቅም። ከምትበላው በላይ ጉልበት የምታወጣ ሯጭ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። የወር አበባ መቅረት የጉብዝና ምልክት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ፋንታሲ የምትጫወቱ፣ ዘንድሮ አራቱን ሳጥኖች ደብተር ላይ ሙሏቸውና ምክሩን ፈትኑት። የምትሮጡ ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ጎን እንቅልፋችሁን፣ ምግባችሁንና የሚያማችሁን ቦታ ጻፉ። በአንድ ጣት የምታሳዩት፣ ስትሮጡ የሚብስ፣ አርፋችሁም የማይተው የአጥንት ሕመም ካለ ስሌቱ ምንም ይበል ምን ሩጫውን አቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ። አሠልጣኞችም «ስንት ልጅ አደረስክ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ልጅ በጉዳት ቀረብህ?» ተብለው ይጠየቁ። ሁለተኛውን ቁጥር የሚመዘግብ ደብተር እስካልተገኘ ድረስ የትኛው ልምምድ ጀግና እንደሚያወጣ እናውቃለን ማለት አንችልም።