ስለ ኦስቦርን ቤት የቢሊያርዶ ክፍል፤ ከባቲ ሆነን ስንመለከተው

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩ የእንግሊዝ መኳንንት ቤቶች በተነሡ ቁጥር የቢሊያርዶ ክፍላቸው ስለ ዕቃው ውድነት ብቻ ሲመሰገን እናነባለን። ይኽ አስተያየት ጎደሎ መስሎ ይታየናል። ለክርክራችን የመረጥነው በዋይት ደሴት የሚገኘውን የንግሥቲቱን የኦስቦርን ቤት ነው፤ ለወሎ ሰው ቤቱ ፈጽሞ ባዕድ አይደለምና። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ከንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በዚህ ቤት ነበር።

ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1851 ነው። የክፍሉ ዋና ዕቃ ጠረጴዛው ሲሆን ንድፉን ያወጣው የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ነው። ሙሉ የእንግሊዝ ቢሊያርዶ ጠረጴዛ ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 6 ጫማ ያህል ነው፤ ተጫዋቹም ዘንጉን ወደ ኋላ የሚስብበት ቦታ ስለሚሻ ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ይሸሻል። እንጨት በርጥበት ስለሚጣመም ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር የሰሌዳ ድንጋይ ይነጠፋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በምክንያት ነው። አልበርት ግን እግሮቹንም ከዚያው ድንጋይ አሠርቶ ዕብነ በረድ እንዲመስሉ አስቀባቸው። ይህን አንወድለትም። ያን ሁሉ ሸክም የቻለ ድንጋይ በገዛ መልኩ ቢታይ ምን ነውር ነበረበት?

ትልቁ ቁም ነገር ግን ያለው ከጠረጴዛው ሳይሆን ከክፍሉ ማዕዘን ላይ ነው። የቢሊያርዶው ክፍል ከንግሥቲቱ እንግዳ መቀበያ በአዕማድ ብቻ ተለይቶ፣ እንደ ክንድ ታጥፎ ይገናኛል። በንግሥቲቱ ፊት መቀመጥ ክልክል ስለ ነበረ ተረኞቹ ባለሟሎች በእጥፋቱ በኩል ከዓይኗ ተሰውረው ይቀመጡ፣ ስትጠራም ይሰሙ ነበር። ሥርዓቱ ሳይሻር ጉልበት አረፈ። ከወርቅ ቅቡ ይልቅ እኛ የምናደንቀው ይህን ነው።

በባቲ ሰኞ ገበያው ሲፈታ ከቆላ ለመጣ እንግዳ ሰሌን ይነጠፍለታል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ሰዉም ይከበዋል። ሽማግሌ ሲገባ ሁሉ ብድግ ይላል፤ እርሱ ከተቀመጠ በኋላ ግን ሌላውም ይቀመጣል። ስለዚህ ቤታችን መሸሸጊያ ማዕዘን አላስፈለገውም ብለን ልንኮራ ይቃጣናል። ነገር ግን ከአቦል እስከ በረካ ስኒ የምታመላልሰው ልጅ ስትቀመጥ አላየንም።