በሎሌ ልብስ ሃምሳ ዓመት፦ ስለ ክላረንስ ሚውዝ

በድሮዎቹ የሆሊውድ ፊልሞች ጥቁር ሰው ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይ ትሪ፣ ወይ ሻንጣ፣ ወይ የፈረስ ልጓም። ክላረንስ ሚውዝ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1979 ከመቶ በላይ በሆኑ ፊልሞች ተጫውቷል። «እሱማ የጌቶች አጫዋች ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ የችኮላ ነው እንላለን።

እስቲ ሰውየውን እንየው። በ1889 ባልቲሞር ተወለደ፤ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሕግ ተማረ፤ ሕጉን ትቶ ሐርለም ውስጥ ከላፋዬት ተዋንያን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። የፎክስ ኩባንያ በ1929 «ኸርትስ ኢን ዲክሲ» የተባለውን ባለድምፅ ፊልም ሲያወጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ሚውዝ ሽማግሌውን ናፐስን ሆኖ ቀረበ። ናፐስ የልጅ ልጁን ወደ ሰሜን ልኮ ሐኪም ለማድረግ ሲል መሬቱን ይሸጣል። ፊልሙ በዘፈንና በጭፈራ የደቡቡን ግፍ ሸፋፍኖ ያልፋል። ሽማግሌው ግን አያሽቃብጥም፤ የሚናገረውም የሚያዝነውም ከምሩ ነው።

«ታዲያ ለምን እምቢ አላለም?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሚውዝ ራሱ በ1934 ስለ ጥቁር ተዋናይ አጣብቂኝ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አሳትሟል። ነጩ ተመልካች ቀልድና ዘፈን ይጠብቃል፤ ጥቁሩ ደግሞ እውነተኛ ኑሮውን ማየት ይሻል፤ ተዋናዩ በሁለቱ መካከል ተወጥሯል ባይ ነው። እንግዲህ ችግሩን ከኛ ቀድሞ አውቆታል ማለት ነው።

ማወቁ ብቻውን ግን አላዳነውም። በ1939 ከገጣሚው ከላንግስተን ሂዩዝ ጋር ሆኖ «ዌይ ዳውን ሳውዝ» የተባለውን ፊልም ጻፈ። ጸሐፊዎቹ ሁለት ጥቁሮች ናቸው፤ የወጣው ግን ባሮች በደጉ ትንሽ ጌታቸው ቸርነት የሚድኑበት ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ሰበብ አንፈልግለትም። ብዕሩን ቢይዙትም ገንዘቡና የመጨረሻው ቃል የኩባንያው ነበር።

በ1940 የወጣውን «ብሮክን ስትሪንግስ»ን ከዚህ ጋር እናስተያየው። በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቁር ተዋንያን የተሠራ ፊልም ነው፤ ሚውዝ በድርሰቱም ተካፍሏል። የሚጫወተው እጁ የተጎዳበትን የቫዮሊን ሊቅ ነው፤ ልጁ ወደ ስዊንግ ሙዚቃ ሲያዘነብል ይቆጣል። ኩሩ ነው፣ ግትር ነው፣ ይሳሳታል፤ በአጭሩ ሙሉ ሰው ነው። ተዋናዩ ያው፣ ድምፁም ያው፤ የተለወጠው የተሰጠው ቦታ ነው።

ስለዚህ ሂሳችን ሁለቱን ይለይ። ፊልሙን እንንቀፍ፣ ያውም ሳንምር። ተዋናዩን ግን በተሰጠችው ጠባብ ቦታ በሠራው እንመዝነው። ሲድኒ ፖይቲየር በ1972 «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር»ን ሲያዘጋጅ ሽማግሌውን ሚውዝን አልረሳውም። በ1979 «ዘ ብላክ ስታልየን» ውስጥ እንደገና ከፈረስ ጋር እናገኘዋለን፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ልጓሙ አልተለወጠም፤ ሰውየው ግን ያን ሁሉ ዓመት ልጓም ከመያዝ በላይ ሠርቷል።

በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ ለክርክሩ ዝግጁ ነን።