ባለባትሪ አውቶሞቢልን በግቢ ውስጥ ስለ ማንሣት

ከባድ ነገርን ከመሬት አንሥቶ ከበታቹ መግባት፣ በመካኒክነት ሙያ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሞተር ቢደክም ወርዶ ይታደሳል፣ ካምቢዮ ቢሰበር ይለወጣል፤ በመኪና ሥር በተኛ ሥጋ ለባሽ ላይ ክሪክ ሲከዳ የሚደርሰው ጥፋት ግን መጠገኛ የለውም። ይህን አሳብ በጽሕፈት እንዳሰፍር ያነሣሣኝ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በአዲስ አበባ በየግቢው የሚቆሙት መኪኖች ባሕርያቸው እየተለወጠ ሲሄድ፣ የማንሻው መሣሪያና የማንሣቱ ልማድ ግን በኮሮላና በቪትዝ ዘመን እንደ ነበረ መቅረቱን ዘወትር ስለማይ ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ቶን የሚያነሣ ክሪክ ብገዛ ይበቃኛል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። እኔም ስለ ቶኑ ከመናገሬ አስቀድሜ፣ «መኪናህን ጎንበስ ብለህ ከሥሯ አይተሃት ታውቃለህ? የምትቆምበትስ መሬት ምን ዐይነት ነው?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። የክሪክና የመደገፊያ ምርጫ ከነዚህ ከሁለቱ፣ ማለት ከመኪናው ሆድና ከመሬቱ የሚነሣ ሲሆን፣ በክሪኩ ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ በሦስተኛ ደረጃ የሚታይ ነገር ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ያም ሆኖ ስለ ክብደቱ ጥቂት መናገር ይገባል። የቀድሞዪቱ ኮሮላ ከ1,000 ኪሎ ግራም እምብዛም የማትርቅ ስትሆን፣ ዛሬ በከተማችን ጎዳናዎች የበዛው ቮልስዋገን አይዲ 4 ትልቁን ባትሪ ሲይዝ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ ባትሪው ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያለችው ታናሽ መኪና ግን 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ስለምትመዝን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሁሉ በክብደት አንድ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ማዕዘን ብቻ ሲነሣ በክሪኩ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንድ ጎን በሙሉ ሲነሣ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስለ ሆነ፣ በሒሳብ ብቻ ከሄድን ሁለት ቶን የሚያነሣው ክሪክ ለዚያ ለከባዱም ይበቃል። እኔ ግን ሦስት ቶን የሚያነሣውን እመርጣለሁ፤ አካሉ ረዘም፣ መቆሚያው ሰፋ ያለ በመሆኑ በጭነት ጊዜ አይንገዳገድም፣ ከኃይሉም እኩሌታውን እንኳ ሳይጨርስ ስለሚሠራ ዘይቱን የሚያፍኑት ጎሚኒዎቹ ዕድሜ ያገኛሉ። ደግሞም ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ ክሪክ ላይ የተጻፈው ቶን 907 ኪሎ ግራም ብቻ ስለ ሆነ፣ ከዚያ አገር ዘመድ የላከው ባለሁለት ቶን ክሪክ የሚያነሣው 1,814 ኪሎ ግራም መሆኑን ባለቤቱ ልብ ሊለው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በነዳጅ በሚሠራው መኪና ሥር ከፊት የሞተሩን ክብደት የሚሸከም አግድም ብረት፣ በአንዳንዶቹም ከኋላ ዲፈረንሺያል ስለሚገኝ፣ መካኒኩ ክሪኩን ከመካከል አስገብቶ ሁለቱን ጎማ ባንድ ጊዜ ማንሣት ለምዷል። ባለባትሪው መኪና ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ያለው ሆዱ ሁሉ በአሉሚኒየም ወይም በብረት ሣጥን የታሸገ ባትሪ ነው። ይህም ሣጥን ከታች ሲያዩት ጠፍጣፋና ጠንካራ መስሎ ክሪክ ለማሳረፍ የተሰናዳ ቦታ ቢመስልም፣ የክሪክ ራስ በምታክል ጠባብ ስፍራ ላይ የመኪና ክብደት ይሸከም ዘንድ አልተሠራም፤ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ከበላዩ ያሉትን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መተላለፊያዎችና የባትሪ ሕዋሳት የሚነካ በመሆኑ፣ ጥፋቱ ያን ዕለት ሳይገለጥ ቆይቶ በውሃ መግባት ወይም በእሳት ሊታይ ይችላል። ቻይና በ2025 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው የመኪና ባትሪ የደኅንነት ደንብ ውስጥ ባትሪው ከታች በኩል እየተመታ የሚፈተንበትን ምርመራ መጨመሯ፣ አደጋው ለሠሪዎቹም የተሰወረ አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ክሪክን በባትሪ ሣጥን ላይ ማሳረፍ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ጣውላ ተደርቦበትም ቢሆን፣ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነገር ነው።

እንግዲህ የሚቀሩት፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ለማንሻነት የወሰናቸው በየማዕዘኑ ያሉት አራት ነጥቦች ናቸው። ወደ አገራችን ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ መመሪያ መጽሐፋቸው በቻይንኛ የተጻፈ ቢሆንም፣ ማንሻ ነጥቦቹን የሚያሳየው ሥዕል ቋንቋ ሳይሻ ስለሚነበብ መጽሐፉን ከመሳቢያ አውጥቶ ያንን ገጽ መፈለግ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያም በኋላ ዐይን ብቻ አይበቃም። ከፊት ጎማ ኋላ ተንበርክኮ፣ እጅን ከበሩ ግርጌ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በጣት እየዳሰሱ መሄድ ያስፈልጋል፤ በአንዳንዱ መኪና ወደ ታች የወረደው የላሜራ ጠርዝ በሁለት ጥርብ ምልክቶች መካከል ወፈር ብሎ ይገኛል፣ በሌላው እንደ ጉርሻ ያለች ጥቁር የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም መቀመጫ ትዳሰሳለች፣ በቴስላ ደግሞ ክብ ቀዳዳ አለ። ለእያንዳንዱ የሚስማማው፣ የክሪኩ ራስ የሚለብሰው ጎሚኒ የተለያየ ነው፤ ለላሜራው ጠርዝ መካከሉ የተቦረቦረ፣ ለመቀመጫዋ ጠፍጣፋ፣ ለቀዳዳው እንብርት ያለው መሆን አለበት። ጎሚኒ ያልለበሰ የክሪክ ራስ ጠርዙን ያጣምማል፣ ቀለሙን ልጦ ለዝገት ይዳርጋል፤ ከሁሉም የሚከፋው፣ ብረት በብረት ላይ የሚንሸራተት መሆኑ ነው።

የክሪኩ ዝቅታ ከነጥቦቹ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። ባትሪው ከታች ስለ ተዘረጋ የመኪናው ሆድ ለመሬት ቅርብ ነው፤ በቴስላ ሞዴል 3 ከመሬት እስከ ሆዱ ያለው ክፍተት 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጎማው ተንፍሶ በቸርኬው ሲቀመጥ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ሲወርድ ከ9 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ሲነሣ ግን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በአራት የብረት ጎማ የሚንከባለለው ዐይነት ክሪክ ይመረጣል። የጠርሙስ ቅርጽ ያለውና ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክሪክ ለጭነት መኪና መልካም ሆኖ ሳለ ቁመቱ ስለሚበዛ ከእነዚህ መኪኖች ሥር አይገባም፤ ገባ ቢባል እንኳ መቆሚያው ጠባብ ነው።

ስለ መሬቱ የምለው ከዚህ ይረዝማል፤ በአዲስ አበባ ግቢዎች የማየው አደጋ ብዙው ከዚያ የሚመጣ ነውና። የሚንከባለለው ክሪክ ክንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ቅስት እየሠራ ይሄዳል፤ ስለዚህ መኪናው በታኮ ተይዞ ከቆመ፣ ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ መኪናው መጓዝ አለበት። ይህ ጉዞ በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ ሳይታወቅ ይፈጸማል። በኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች በድንጋይና በድንጋይ መካከል ባለው ስንጥቅ ይሰነቀራሉ፤ ክሪኩ መጓዝ ሲያቅተው የክሪኩ ራስ በማንሻው ነጥብ ላይ መጎተት ይጀምራል፣ ጎሚኒው ተወጥሮ ወደ ጎን ይጋደማል፣ እጀታውን የያዘ ሰውም መኪናው በድንገት ዘለል ሲል እጁ ላይ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ማንሣቱን አቁሞ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው እንጂ እጀታውን አጥብቆ መጫን አይገባም። በአፈር ላይ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ክሪኩ፣ ይልቁንም በክረምት፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ለዚህ ሁሉ ፍቱን መድኃኒቱ፣ ግቢ ያለው ሰው መኪናው የሚቆምበትን ስፍራ ፌሮ አስገብቶ፣ ውፍረቱን ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳያሳንስ ኮንክሪት ማስሞላት፣ ግንበኛውም በውሃ ልክ እንዲያስተካክለው ማድረግ ነው፤ የከተማችን ግቢ አብዛኛው ለጎርፍ መውረጃ ተብሎ ዘቅዘቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ይህን ካላዘዙት ግንበኛው በልማዱ ዘቅዝቆ ይሠራዋል።

ክሪክ ያነሣል እንጂ አያቆምም። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ምዕተ ዓመት የገለጠው ሕግ፣ ማለት በተዘጋ ዕቃ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የመዳረሱ ነገር፣ አንድ ሰው በእጁ ሁለት ቶን ያነሣ ዘንድ አስችሎታል፤ ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው ዘይቱን አፍነው በያዙ ጥቂት ቀጫጭን ጎሚኒዎች ላይ ነው። ከክሪኩ ፒስቶን ዙሪያ የዘይት እርጥበት የታየ እንደ ሆነ፣ ወይም ተነሥቶ የቆየ መኪና ሰዓት ሳይሞላው አንድ ጣት ያህል ወርዶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ያ ክሪክ ሳይጠገን ሊሠራበት አይገባም። ደኅነኛው ክሪክ እንኳ ቢሆን የሰውን ነፍስ አደራ የሚቀበል መሣሪያ አይደለም፤ ያንን የሚቀበለው በየጋራዡ ስታንድ የሚባለው ባለአራት እግር የብረት መደገፊያ ነው። በስታንድ ፈንታ ብሎኬት መደርደር በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ በጠባብ ነጥብ ሲጫኑት ምልክት ሳያሳይ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፣ ድንጋይም ይንከባለላል፤ ሁለቱንም አጥብቄ እቃወማለሁ።

ስታንድ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ በጥርስና በመያዣ ምላስ የሚቆም፣ ሁለተኛው ወፍራም ፒን በቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ የሚቆም። ባለጥርሱ ለመጠቀም ፈጣን ቢሆንም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ እንደዚህ ያሉ ስታንዶች፣ ምላሱ ከጥርሱ ጋር በደንብ ሳይገናኝ እየቀረ በጭነት ጊዜ ሊወርዱ ይችላሉ ተብሎ ከገበያ ተሰብስበዋል። ስለዚህ ምርጫዬ ባለፒኑ ነው፤ ፒኑ ማለፉና አለማለፉ ባንድ እይታ ይታወቃል። የተጻፈበትም የጭነት ልክ ብዙ ጊዜ የሁለት ስታንድ ድምር መሆኑን፣ ማለት ሦስት ቶን ቢል እያንዳንዱ የሚሸከመው አንድ ቶን ተኩል ብቻ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም። እግሮቹ ከራሱ እጅግ የሰፉ፣ የብየዳው መስመር ያልተቆራረጠ፣ ራሱም ጎሚኒ የሚቀበል ይሁን።

እዚህ ላይ በአሮጌው መኪና ያልነበረ ችግር ያጋጥማል። ነጥቦቹ አራት ብቻ ከሆኑና አንዱን ክሪኩ ከያዘው፣ ስታንዱ የት ይቁም? የባለባትሪ መኪና አካል በባትሪው ሣጥን ተጠናክሮ እጅግ ጽኑዕ ስለ ሆነ፣ በአንዳንዱ መኪና ከኋላኛው ነጥብ ሲያነሡት በዚያው ጎን ያለው የፊት ጎማም አብሮ ከመሬት ይለያል፤ ያን ጊዜ ስታንዱን ከፊተኛው ነጥብ ሥር አቁሞ ክሪኩን ቀስ ብሎ ማውረድ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ፣ መካከሉ ክፍት ሆኖ ክሪኩ በውስጡ የሚያልፍ፣ መኪናው ከተነሣ በኋላ አግድም ብረቱ የሚገባበት ስታንድ መግዛት ነው፤ ዋጋው ከተራው ይበልጣል፣ የሚችል ሰው ግን ቢገዛው ደስ ይለኛል። ጎማው የማይፈታበት ሥራ ከሆነ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚሻለው ወፋፍራም የደረቀ ጣውላ እያነባበሩ በጎማዎቹ ሥር ማስገባት ነው፤ መኪናው በገዛ እግሩ እንደ ቆመ ይቀራልና።

የሥራው ቅደም ተከተል አጭር ነው። የቻርጅ ገመዱ ይነቀል፤ መኪናው በፓርክ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የኋላውን ጎማ ስለ ሆነ፣ ኋላው ሲነሣ መኪናውን መሬት ላይ የያዘው ፍሬን አብሮ ወደ አየር ይወጣል፣ የፊት ጎማዎቹም ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ በማይነሣው ጫፍ በሁለቱም ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ ሳይደረግ እጀታ አይነካ። የጎማው ቡሎኖች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ላላ ይበሉ። ቁልፉ፣ ስልክም እንደ ቁልፍ የሚያገለግል ከሆነ ስልኩ፣ ከመኪናው ርቆ በቤት ይቀመጥ፤ ይህ መኪና ለመሄድ ሲዘጋጅ ድምፅ አያሰማም፣ ልጅም ገብቶ ቢነካካው በሥሩ ያለው ሰው አይሰማም። በስታንድ ላይ ካረፈ በኋላ ሳይገቡበት ከጎን ሆኖ በእጅ ገፋ ገፋ ማድረግ፣ የተፈታውንም ጎማ ከነቸርኬው በበሩ ግርጌ ሥር ማጋደም ይገባል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች በብዙዎቹ መኪኖች ወደ 400 ቮልት የሚደርስ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ፣ ከጎማና ከፍሬን ሥራ አልፎ ወደ እነርሱ መጠጋት የቤት ሥራ አይደለም።

ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ ሳይኖራቸው ስለሚመጡ፣ ጎማ ሲተነፍስ መኪናውን የሚያነሣው የመንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። እርሱም ብርቱ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ እጁ የለመደው የአሮጌውን መኪና ሆድ ነው። ባለቤቱ ከመኪናው ወርዶ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው የሚነሣው» ብሎ ነጥቡን በጣቱ ያሳየው፤ ለዚያ ነጥብ የሚስማማውንም ጎሚኒ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይስጠው።